ጥርሴ ስድስት ኪሎ ገባ

እስቲ ጠጋ በሉ። የማወራችሁ ስለ ጥርሴ ነው፤ የጥርስ ወሬ ደግሞ ጮክ ተብሎ አይወራም።

እኔ ትምህርቴን ያቋረጥኩት ገና ጢም ሳላበቅል፣ ፒያሳ አንድ ልብስ ስፌት ቤት ቁልፍ ለመትከል የገባሁ ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ የተማርኩት ሁሉ በመርፌና በመቀስ ነው። ጥርሴ ግን ስድስት ኪሎ ገብቷል። ያውም ጎብኝቶ የተመለሰ እንዳይመስላችሁ። ታጥቧል፣ ተመዝኗል፣ በማይክሮስኮፕ ታይቷል፣ ቁጥርም ተሰጥቶታል። ከቤተሰባችን እዚያ ድረስ የዘለቀ እሱ የመጀመሪያው ነው።

ጥርሴ ስል እግዜር የሰጠኝን ማለቴ አይደለም፤ ከላይ የነበሩት በየተራ ተሰናብተውኝ ሄደዋል። የማወራው ሐኪም የሠራልኝን፣ የላይኛውን፣ ስተኛ ብርጭቆ ውስጥ የሚያድረውን ነው። እሱ ካለ ማንም ፊት ቆሜ እናገራለሁ። እሱ ከሌለ ንግግሬ እንደተነፈሰ ጎማ ነው፤ ከንፈሬም ወደ ውስጥ ገብቶ ፊቴ ባዶ ኪስ ይመስላል።

ነገሩ የተጀመረው በናፍቆት ነው። ውቤ በረሃ፣ ከመንገዱ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ አንድ ግቢ ነበረን። ነበረን ስል የግላችን አልነበረም፤ የቀበሌ ቤት ነው። ግን ከአንድ ቧንቧ የሚቀዳ፣ ለአንድ ሽንት ቤት የሚሰለፍ ሰው፣ የኔና ያንተ የሚባለውን ነገር ቀስ በቀስ ይረሳዋል። እኔ ነበርኩ፤ ወርቅ ሠሪው መኮንን ነበር፤ ሰዓት ሠሪው ነጋሽ ነበር፤ በሩ ላይ ደግሞ ሸምሱ ባለሱቁ። መኮንን ሬዲዮ ሲከፍት ሸምሱ ሱቁ ውስጥ ሆኖ ዜና ይሰማል። የነጋሽ ሚስት ሽንኩርት ስታቁላላ እኔ ቤት ይርበኛል። አንድ ቀን ሳል ያዘኝና ግቢው ሙሉ ጤና አዳም ይዞ መጣ፤ ሁሉንም ላለማስቀየም ስጠጣ ከረምኩና ሳሉ ሲለቀኝ ሆዴ ታመመ።

ከዚያ ግቢው ፈረሰ። ሁላችንም ኮንዶሚኒየም ደረሰን፤ አንዳችን በከተማው በዚህ ጫፍ፣ አንዳችን በዚያ ጫፍ። መኮንን ይህንን አላየም፤ ቀድሞ ነው ያረፈው። ሊሞት ሰሞን አልጋው አጠገብ ተቀምጬ ሳለ እጄን ይዞ፣ «ልጄ ሰለሞን ሚስት ሲያገባ ሽማግሌ ሆነህ የምትናገርልኝ አንተ ነህ» አለኝ። እሺ አልኩት። እሺ ስለው ጥርሱ አፌ ውስጥ ነበር።

እነሆ ሰለሞን ደረሰና ወደዳት። ማንን? የነጋሽን ልጅ፣ ሜሮንን! ያቺኑ በልጅነቷ ኳሱን ወደ ጣራ እየወረወረች ስታስለቅሰው የነበረችውን። ደስታ ነው ትላላችሁ። እኛም ብለን ነበር። ግን ነጋሽ ከግቢው ከወጣን ወዲህ እንደድሮው አይደለም። ሚስቱ አረፈች፤ እሱም ከዚያ ፎቅ አይወርድም፤ ስልክም አያነሳም። ሸምሱ አንዴ ቀንቶት ቢያገኘው፣ «ሳስፈልጋችሁ ነው የምትፈልጉኝ» ብሎ ጆሮው ላይ ዘጋበት። ስለዚህ ሽምግልናው ለእሑድ ሲቆረጥ ሁሉም ዞሮ ወደ እኔ አየ። ነጋሽን የሚያለዝብ አንደበት ያለው እሱ ነው ተባለ። አንደበቴ ምን ላይ እንደቆመ የሚያውቀው ሸምሱ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ጉድጓዱ ልውሰዳችሁ።

እኔ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ታክሲ ይዤ ፒያሳ እመጣለሁ። ለምን እንደምመጣ ልጄ ስትጠይቀኝ፣ «ጋዜጣ ላነብ» እላታለሁ። ጋዜጣው በሰፈሬም ይሸጣል። የምመጣው የግቢያችንን ቦታ ላየው ነው። በቆርቆሮ ታጥሯል፤ እኔም አንዷን ስንጥቅ ለምጃታለሁ፤ ቁመቷ ለኔ ልክ ነው። አንድ ጠዋት በስንጥቋ ባይ፣ ወጣቶች ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጠው አፈር ይጠርጋሉ። በአካፋ አይደለም፤ በብሩሽ! አንዷ ትልቅ ባርኔጣ ያደረገች ልጅ መሬቱን እንደ ሙሽራ ፊት በቀስታ ታብሰዋለች።

«ምን ጠፍቷችሁ ነው ልጆች?» አልኩ።

«ምንም አልጠፋንም አባባ፤ እየተማርን ነው።»

«አፈር መጥረግ?»

«አርኪዮሎጂ» አለችኝ። ስሟ ቤዛ ነው።

መምህራቸው ዶክተር ሕይወት ሳቅ እያሉ መጡ። በዕድሜ ልጄ ይሆናሉ፤ ግን አስተማሪዬ ስለሆኑ አንቱ ነው የምላቸው። አዲሱ ሕንጻ ከመቆሙ በፊት ተማሪዎቻቸው እዚህ ቁፋሮ እንደሚለማመዱ ነገሩኝ። «እዚህ ግቢ ነው የኖርኩት» አልኳቸው። «እንዴት ጥሩ! ይግቡ እንጂ» አሉኝ። በማግስቱ ባርኔጣ ሰጡኝ፤ በሦስተኛው ቀን ብሩሽ። በዚህ ዕድሜዬ ተማሪ ሆንኩ ብላችሁ ትስቃላችሁ፤ ሳቁ፤ እኔም ስቄያለሁ።

ትምህርቱ ተመቸኝ። የመጀመሪያው ሕግ አትቸኩል ነው። ዕድሜ ልኬን ደንበኛ «ለነገ ድረስልኝ» እያለ ሲያሯሩጠኝ ኖሬ፣ አትቸኩል የሚል አለቃ ያገኘሁት ገና አሁን ነው። መሬቱን በሲባጎ አራት ማዕዘን እያደረጉ ይከፍሉታል። ግንበኛ ሲሚንቶ የሚያነሳበት ዓይነት ትንሽ ማንኪያ ይዘህ፣ ዳቦ ላይ የተቀባ ማርመላታ መልሰህ እንደምታነሳ፣ ስስ ስሱን ትፍቃለህ። የፋቅከው ባልዲ ውስጥ ይገባል፤ ባልዲው ወንፊት ላይ ይደፋል፤ የቀረው ይለቀማል። ከላይ የፍርስራሹ ጠጠር፣ ከሥሩ የኛ ግቢ ሲሚንቶ፣ ከሲሚንቶው ሥር ከኛ በፊት የነበሩት ሰዎች አመድ፣ ከዚያ ቀይ አፈር። ከላይ ያለው አዲስ፣ ከታች ያለው አሮጌ ነው። የሟች ባለቤቴም የልብስ ሣጥን እንደዚያው ነበር።

ሁለተኛው ሕግ፣ ያገኘኸውን አትንቀል ነው። እዚያው እንዳለ ይለካል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ከየት እንደወጣ ተጽፎ ፌስታል ውስጥ ይገባል። ለምን ይህን ያህል ስል፣ ዶክተር ሕይወት፣ «ቦታውን ያጣ ዕቃ ዲዳ ነው አባባ፤ ምንም አይነግረንም» አሉኝ። ይህቺን ቃል ወደድኳት። ታክሲ ውስጥ ሆኜ በልቤ ስመላለስባት መውረጃዬን አለፍኩ።

ጎበዝ ተማሪ ነበርኩ ብዬ ግን አልዋሻችሁም። አንድ ቀን ነጭ የሸክላ ስባሪ አገኘሁ። ዳሩ ጎበጥ ያለ፣ የሚያብረቀርቅ። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ሳምኩት። ተማሪዎቹን ሰብስቤ፣ እናቴ ለእንግዳ ብቻ ስለምታወጣው የሾርባ ሳህን፣ የፋሲካ ዕለት እንዴት እንደተሰበረ፣ ማን እንደተገረፈ፣ አንድ በአንድ አወራሁላቸው። ሁሉም አዳመጡኝ። ቤዛ ስባሪውን ገለበጠችው፣ በብሩሽ ጠረገችው፣ ከጎኑ የወጣውን ሌላ ስባሪ ገጠመችበት።

«አባባ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «ይሄ የሽንት ቤት መቀመጫ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ዕቃ ከመሳሜ በፊት ቤዛን እጠይቃለሁ።

አሁን ሐሙስ ደረስን። እሑድ ሊሆን ትንሽ ቀርቶታል፤ ለነጋሽ የምናገረውን በልቤ እያጠናሁ እፍቃለሁ። ቁፋሮው ከሲሚንቶው ሥር ወዳለው አመድ ደርሷል። ነፋስ ተነሳና አቧራው ጥርሴ ሥር ገባ። ጫማ ውስጥ የገባ ጠጠር ታውቃላችሁ? ያው ነው፤ የድድ ጠጠር። ማንም ሳያየኝ በመሐረብ ተሸፍኜ አወለቅሁትና ደረት ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። ሸሚዙን የሰፋሁት ራሴ ነኝ። የሰው ኪስ ላይ ቁልፍ ስተክል የኖርኩ ሰው የራሴን ኪስ ያለ ቁልፍ ትቼዋለሁ። ጎንበስ አልኩ። ባልዲው ሞላ፤ ወሰዱት።

ወዲያው ከወንፊቱ በኩል ቤዛ ጮኸች፦ «ጥርስ! ጥርስ አገኘሁ!»

ከሁሉም ቀድሜ የተነሳሁት እኔ ነኝ። ደስ ብሎኝ ነው፤ ሥራው እንዲህ ያደርጋል። እመንገድ ላይ ደረቴን ስነካው ኪሴ ባዶ ነው።

ወንፊቱ ላይ ጥርሴ ይስቃል። እንዲያ ሲስቅ እኔ አፍ ውስጥ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ተማሪው ሁሉ ተሰብስቧል፤ ፎቶ ይነሳል፤ ሜትር ይዘረጋል። የኔ ነው ልል ነበር። ግን በምን አፌ? ሥራ ስሄድ ያለ ከራቫት ከቤት ወጥቼ የማላውቅ ሰው፣ እነዚያ ሁሉ ሴት ልጆች ፊት ባዶ ድዴን ልከፍት? መሐረቤን አፌ ላይ አድርጌ ቆምኩ። ገለል ሲሉ ብድግ አደርገዋለሁ ብዬ ነበር። ገለል አላሉም። ፌስታል ውስጥ ገባ፣ ተጻፈበት፣ ሣጥን ውስጥ ገባ፣ ሣጥኑ መኪና ላይ ተጫነ። እጄን ወደ መኪናው ባወዛውዝ ቤዛ ትከሻዬን አቀፈችኝ።

«አይዞዎት አባባ፤ እርስዎም ደነገጡ አይደል? ላብራቶሪ ሄዶ ይጣራል።»

መኪናው ወደ ስድስት ኪሎ ወጣ። ጥርሴ ሲማር አየሁት።

ሸምሱን የተለመደው ኬክ ቤታችን አገኘሁት። ነገሩን በሹክሹክታና በምልክት ነገርኩት። ኬኩን አስቀምጦ ሳቀ፤ ስኒው እስኪነቃነቅ ሳቀ።

«ማኪያቶህን በገለባ ልዘዝልህ?» አለኝ።

«ሸምሱ፣ እሑድ እኮ ነው!»

«እንግዲያው ሌላ ሰው ይናገራ።»

«ማን? አንተ?»

ሳቁን ዋጠው። ነጋሽ ጆሮው ላይ የዘጋው ስልክ ትዝ አለው። «እኔ አፌን ስከፍት በሩን ይዘጋል» አለ። «መኮንን አፈር ውስጥ ሆኖ አንተን ነው የሚያየው። ነገ ሄደህ ጥርስህን አምጣ።»

ዓርብ በጠዋት አፌን በሻርፕ ጠቅልዬ ስድስት ኪሎ ገባሁ። ጉንፋን ይዞኛል አልኩ። ረጅም ጠረጴዛ፣ ሳፋ ሳፋ ውኃ፣ ወንፊት ላይ የተዘረጋ ስባሪ። ከቁፋሮ የመጣው ሁሉ እዚያ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ በየዓይነቱ ይለያል። ለእኔም ድርሻዬን ሰጡኝ፤ የሚታጠብበት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የጥርስ ብሩሽ! ጥርስ የሌለው ሽማግሌ የጥርስ ብሩሽ ይዞ የሰው ገንቦ ስባሪ ሲቦርሽ ይታያችሁ። ጥርሴ ከፊት ለፊቴ ትሪ ላይ ደርቆ ተቀምጧል፤ እጄን ዘርግቼ እንዳልወስደው የሰው ዓይን ሁሉ እሱ ላይ ነው።

ቤዛ ማይክሮስኮፕ ሥር አደረገችው። ሁሉም ከበቧት። የሠራችውን ለመምህሯ ታስረዳለች፤ ፈተናዋ ነው።

«ሰው ሠራሽ ነው፣ የቅርብ ጊዜ። በግራ በኩል በጣም አልቋል፤ በግራ ብቻ የሚያኝክ ሰው ነው።»

እውነት ነው፤ የቀኙ የታችኛው ጥርሴ ያመኛል።

«ቀለሙ ወደ ሻይ ይሄዳል። ፊት ለፊት ደግሞ ትንሽ ጭረት አለች፤ ቀጭን ነገር እየነከሰ የሚበጥስበት። ክር ይመስለኛል። ልብስ ሰፊ ሊሆን ይችላል።»

ብሩሼን አቆምኩ። መቀስ ከጎኔ ተቀምጦ ክር በጥርስ መበጠስ አመሌ ነው። ባለቤቴ፣ «ተው፣ እነዚህን እንኳ ተዋቸው፤ ሐኪሙ ለእንጀራ ነው የሠራልህ» ትለኝ ነበር። እሷ ካረፈች ወዲህ የሚለኝ አልነበረም። አሁን ማይክሮስኮፕ አለኝ።

«ደግሞ» አለች ቤዛ፣ «ብቻውን የሚበላ ሰው ይመስለኛል።»

«እሱን ጥርስ አይናገርም» አሉ ዶክተር ሕይወት። «ከማስረጃው አትለፊ።»

ልክ ናቸው፤ ማስረጃ የለም። እኔም ለመመስከር አፍ አልነበረኝም።

ከዚያ ነገሩ ከበደ። ዶክተር ሕይወት ወንበር ስበው ተቀመጡ። «አንድ ነገር አስረጂኝ። ይሄ ጥርስ ከሲሚንቶው ሥር ከአመዱ ነው የወጣው ብለሽ ጽፈሻል። ሲሚንቶው ደግሞ ከጥርሱ በብዙ ዓመት ያረጀ ነው። አዲስ ነገር ከአሮጌ ወለል ሥር እንዴት ገባ? ባልዲ አደባልቀሽ ከሆነ የዚያ ጉድጓድ ሥራሽ ሁሉ ሊጣል ነው።»

የቤዛ ፊት አመድ ሆነ። «አላደባለቅሁም ዶክተር። እግዜርን አላደባለቅሁም።»

እጄ ወደ ሻርፔ ሄደ። ይሉኝታዬ ያዘው፤ የልጅቷ ዓይን ላይ እንባ ሳይ ደግሞ ለቀቀው። ሻርፑን ፈታሁ። መናገር አላስፈለገኝም፤ አፌን ከፈትኩና ትሪውን በጣቴ አሳየሁ።

ዶክተር ሕይወት ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፍነው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ቤዛ እያለቀሰች ትስቃለች፣ እየሳቀች ታለቅሳለች፤ መጥታ አቀፈችኝ። እኔም ሳቅሁ፤ ድዴን ስንት ዘመን ከሰው ደብቄው ኖሬ፣ ያን ቀን አየር አገኘ።

«ግን አባባ» አለች ቤዛ ስታበቃ፣ «አንድ ነገር አለ። ቁጥር ጽፌበታለሁ።»

ለካ እዚያ የገባ ሁሉ፣ ነጭ የጥፍር ቀለም ይቀባና፣ በላዩ በጥቁር ቀለም ትንኝ የምታክል ጽሑፍ ይጻፍና፣ እንደገና ይቀባል። እንዳይለቅ ተብሎ ነው የሚሠራው፤ አልለቀቀምም። በዚያ ላይ ውኃ የለመደ ጥርስ ደርቆ ስላደረ ቅርጹ ትንሽ ተዛብቷል። አፌ ውስጥ ሳስገባው እንደ ተከራይ ተንቀሳቀሰ። ምን ላድርግ? ሽምግልናው እሑድ ነው።

እሑድ ደረጃውን ወጣን። እኔ፣ ሸምሱና የሰለሞን አጎት። ነጋሽ መስኮቱ አጠገብ፣ ፊቱ ላይ የሰዓት ዕቃ የተበተነባት ትንሽ ጠረጴዛ አድርጎ ተቀምጧል። እዚያም ሆኖ ይጠግናል፤ የሚያስጠግነው ማን እንደሆነ ግን እንጃ። ከወንበሩ ተነሳ፣ «ቁጭ በሉ» አለ። እንደ ደንቡ፣ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አልን።

«እንግዲያው ቁሙ» አለ። «መቆሙን ትችሉበታላችሁ፤ መምጣቱ ነው ያቃታችሁ።»

ሸምሱ ጎኔን ጎሸም አደረገኝ። ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አልኩ፤ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ያጠናሁት ረጅም ነበር፤ በቧንቧው ጀምሮ፣ በሬዲዮው አልፎ፣ በመኮንን የሚያበቃ። «ወንድማችን ነጋሽ፣ የመጣነው ስለ…» አልኩ። «ስ»ን ስል ጥርሴ አብሯት ዘለለ። አየር ላይ አየሁት። ሄዶ የሰዓቶቹ ትሪ ላይ፣ ከባለጥርስ መዘውሮቹ መሀል ተቀመጠ።

ወጥ ቤት ውስጥ ያለችው ሜሮን ሳህን ማንኳኳቷን አቆመች።

የሰው አመሉ ያድነዋል። ነጋሽ ትሪው ላይ የወደቀ ጥቃቅን ነገር ሁሉ ሥራው ነውና፣ ሳያስበው አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰካ፣ በወረንጦ ጥርሴን አነሳ፣ ወደ ብርሃን አዞረ።

«ቁጥር አለው» አለ። ደግሞ ጠጋ አደረገው። «ከቁጥሩ በፊት ው.በ. ይላል። ው.በ. ምንድን ነው?»

«ውቤ በረሃ ነዋ!» አለ ሸምሱ። ዘግተህብኛል ብሎ ያኮረፈው ሰውዬ፣ ሁሉንም አፈሰሰው፤ ጉድጓዱን፣ ወንፊቱን፣ ማይክሮስኮፑን፣ የእናቴን የሾርባ ሳህን ሳይቀር። ያቺን እንኳ ይተዋታል ብዬ ነበር። ነጋሽ በመጀመሪያ ትከሻው ሳቀ፤ ቀጥሎ ሆዱ። ሰዓቶቹ ትሪው ላይ አብረውት ተንጫጩ። ከዚያ መነጽሩን አውጥቶ ዓይኑን ጠረገ፤ ጠርጎም አልጨረሰ።

«የት ጋ ነው የተገኘው?» አለኝ።

«ከመኮንን በርና ካንተ በር መሀል» አልኩት ያለ ጥርስ። ያን ሁሉ ካጠናሁት ንግግር ይልቅ የሰማኝ ይህቺን ነው።

«እኔ ላይስ ማን ይጽፍብኛል?» አለ። «እዚህ ፎቅ ላይ ያገኘኝ ሰው፣ ከየት እንደመጣሁ በምን ያውቃል?»

«ስልክ አንሳ፤ እኛ እንነግረዋለን» አለ ሸምሱ።

ነጋሽ ጥርሴን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ መለሰልኝ። እንደ ደንቡ መልስ በመጀመሪያው ቀን አይሰጥም፤ ቀጠሮ ሰጠን። ቀጠሮው ግን ቤቱ አልነበረም። «በሚቀጥለው እሑድ፣ ግቢያችን» አለ።

ከዚያ ፎቅ ወረደላችሁ። ከራቫት አስሮ፣ ፒያሳ ድረስ መጣ። ዶክተር ሕይወት በሩን አስከፈቱልን፤ ቤዛ ሜትሯን ዘርግታ የመኮንን በር ደፍ የነበረበትን አሳየችው። እዚያ ላይ ቆመ። አልቸኮልንም፤ የቦታው ሕግ ነው። «ልጄን ሰጥቻለሁ» አለ በመጨረሻ፣ ወደ እኛ ሳይሆን ወደ አፈሩ። ከዚያ አራታችንም፣ የሰለሞንን አጎት ጨምረን፣ ኬክ ቤት ገባን፤ እኔ በግራ በኩል አኘክሁ።

ሰሞኑን ሐኪሜ ጋ ሄጄ ጥርሱን አስተካከለልኝ። ቁጥሩን አየና ደነገጠ፤ በማሽን ላጥፋልዎት አለኝ። ተወው አልኩት። ቦታውን ያጣ ዕቃ ዲዳ ነው፤ እኔ ደግሞ ገና የማወራው አለኝ።